አመልካች ጣት

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ከወደቡ ማዶ መርከብ ይጮኻል፣
ጭጋጉ ቫልፓራይሶን ከነኮረብቶቿ ጠቅልሎ ይዟል።
አለቃችን ኦያርሱን፣ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየመታ፣
«የማመልከቻ ደብዳቤ ከማስታወቂያው ቢወጣስ?» አለን በዝግታ።
እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ «ይውጣ» አልኩና፣
ማን ሊያነበው ብዬ፤ ማንስ ጽፎትና።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚችው ወንበር ላይ፣
የሰው ተስፋ ሳነብ፣ የሰው መልክ ሳላይ፣
ደብዳቤው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ፣ የአንድ ሆድ መንታ፣
ሁሉም «ትጉህ»፣ ሁሉም «ተግባቢ»፣ ሁሉም «በጫና የማይረታ»።
አንዷማ ልካልናለች፣ የተፎካካሪያችንን ስም ሳትፍቅ፣
«ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ድርጅት ስናፍቅ...»

አሁንማ ማሽን ይጽፈዋል፣ ማሽን ያነበዋል፣
መሐል ያለው ሰው ፌርማታ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፤
ሎሌ ለሎሌ መልእክት ሲያደርስ፣ ጌቶቹ ተኝተዋል።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፦ ማሽኑ አበጥሮ የጣለውን እብቅ
በየማታው እየጠረግሁ ከመዝገብ ማራቅ።
አንድ ጣት ይበቃዋል። በአመልካች ጣቴ ጫፍ
አመልካች እሰርዛለሁ፣ ስም በስም ላይ እስኪረግፍ።

ያን ሳምንት የፈለግነው፣ ኮረብታውን ሽቅብ ቁልቁል ለሚል
የገመድ ሠረገላችን፣ ፍሬን ይዞ የሚውል።
መቶ አርባ ሦስት ሰው አመለከተ፤ መቶ ሠላሳው ወደቀ፤
ከወደቁት መሐል አንድ ወረቀት፣ የእጅ ጽሑፍ፣
በስልክ ፎቶ የተነሣ፣ ጠርዙ በዘይት የተጨማለቀ።
ኤሌውቴሪዮ ባሪየንቶስ። ዕድሜ፣ ሃምሳ ስምንት።

«ለሚመለከተው ሁሉ።
በኋላ እንዳትቀየሙኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦
የቀኝ እጄ አመልካች ጣት የለችኝም።
የቆርቆሮ ፋብሪካ መቁረጫ ወሰዳት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቸኩዬ ነው።
ከዚያ ወዲህ መቸኮል አልቻልኩበትም።
ፍሬን የሚያዘው በመዳፍ ነው፤ መዳፌ ደኅና ነው።
የምኖረው ከላይኛው ጣቢያ ጀርባ ነው፤
ገመዱ ሲታመም ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ።
ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ታሟል። ብታዩት ደግ ነው።
ሥራውን ባትሰጡኝም፣ ብታዩት።»

ለሚመለከተው ይላል። የሚመለከተው ማነው?
ማሽኑ እንደሆን አላየውም፤ ለጣት መስፈርት የለው።
ቅጹ ላይ ሣጥን የለም፣ ለቸኮለ እጅ፣ ለታመመ ገመድ፣
ለሐሙስ ሌሊት፣ ለጆሮ ልማድ።

ጥገና ክፍል ደወልኩ። እየሳቁ ወጡ፤ ሲወርዱ ሳቅ የለም፤
ከገመዱ ሦስት ክር ተበጥሷል፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም።

ታዲያ ቀጠራችሁት ትሉኝ ይሆናል። አልቀጠርነውም።
የመድን ውሉ «ሙሉ እጅ» ይላል፤ ኦያርሱን ከውል አይወጣም።
«ባይጽፈው ኖሮ» አለኝ፣ ዐይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣
«ጓንት አጥልቆ ቢመጣ ማን ጣት ይቈጥራል?»

እውነቱን ነው። ደብዳቤው ሠርቷል፤ ለጻፈው ግን አልሠራለትም።
በአዲሱ ገመድ ሽቅብ የሚወጡት ስሙን አያውቁትም፤
ልጃቸውን ጭን ላይ አስቀምጠው ባሕሩን ያሳያሉ፣
ወርደው ይሄዳሉ።

ማስታወቂያው አሁን እንዲህ ይላል፦ «ደብዳቤ አያስፈልግም»።
እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ ብያለሁ፤ አልክድም።
አንዱን ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሠረገላውን ትቼ በደረጃው እወጣለሁ፣
ከላይኛው ጣቢያ ጀርባ፣ በሰማያዊው ቆርቆሮ ቤት መስኮት መብራት አያለሁ።
አንኳኩቼ አላውቅም።
ማነው ቢለኝ ምን እላለሁ?
«የሚመለከተው እኔ ነኝ» እላለሁ?