ገጽ አርባ ሦስት

ጳጉሜን ናት፤ ደሞዝ የማያውቃት ወር፣
አምስት ቀን አድራ እንደ እንግዳ የምትሰወር።
ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ልጆቹ ዝናቡን ጠግበው፣
ፀጉራቸው ሳይደርቅ ተኝተዋል ተቃቅፈው።
ጦሳ ከወገቡ በላይ ጉም ውስጥ ገብቷል፤
የደሴ ቆርቆሮ እስካሁን ያንጠባጥባል።

ፋብሪካው በሰኔ ነው ሒሳቡን የሚዘጋ፣
እኔ ግን በጳጉሜን፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፤
እንደ ሥራ ልማዴ፦ ምን ገባ? ምን ወጣ?
የትኛው ቃል ቀረ? የትኛውስ መጣ?

መጽሐፍ፦ አንድ።
እሱም የሰው ነው፤ ከግምጃ ቤቷ ከአረጋሽ የተዋስኩት፣
አምና መስከረም ላይ «በሳምንት እመልሳለሁ» ያልኩት።
አሁን ሌላ መስከረም በር ላይ ቆሟል መጥቶ፣
ዕልባቴም እዚያው ነው፣ አርባ ሦስት ላይ ተኝቶ።
አረጋሽ ጨዋ ናት፤ መልሺ አትለኝም፤
ብቻ «እንዴት ነው ታሪኩ?» ትላለች፤ እኔም
«ደርሻለሁ» እላለሁ።
የት እንደሆነ አልነግራትም።

ሰበብ አለኝ፤ እሱም ይመዝገብ፦
ጠዋት በሰርቪስ ውስጥ ገልጬ ስጀምር፣
የሐረጎ ቁልቁለት፣ ጥምዝምዙ ምድር
ፊደሉን ከፊደል ጋር ያላትመዋል፤
ሆዴ ይገለበጣል፣ መጽሐፉ ይከደናል።
ማታ ስንመለስ ጉሙ መንገድ ዘግቶ፣
ሾፌሩ ሲዳብስ አንገቱን አውጥቶ፣
እኔ ግንባሬ መስኮቱን እየመታ፣
ኮምቦልቻ የገለጥኩትን ደሴ አደርሰዋለሁ፣ አንድ መስመር ሳልፈታ።
ቤት ደግሞ የቤት ሥራው፣ የአንዋር ሳል፤
ውሃም በፈረቃ ነው፣ ሌሊት ስምንት ላይ ይመጣል።
ይመር ሚሌ መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም፤
ተሳቢው እስኪመለስ እናትም እኔ፣ አባትም።

በዓል፦ ብዙ።
እኛ ቤት በዓል በሁለት በር ይመጣል፤
በእኔ በኩል ጥምቀት፣ በይመር በኩል ዒድ ይገባል።
ልጆቹ ለሁለቱም ለብሰው ይወጣሉ፣
«ሦስተኛ ወገን ግን የለንም ወይ?» ይላሉ።
በዓል ግን ዕረፍት አይደለም፤ ይህን ታውቃለች
ሰው ሲበላ የቆመች፣ ሰው ሲሄድ ድስት ያጠበች።

ዕረፍት፦ አንድ ቀን።
ጥር ነበር። ሐይቅ ወረድን በሚኒባስ፣
ሦስት ዓመት የገባሁት ቃል በአራተኛው እንዳይፈርስ።
ሒክመት ዳር ቆማ ዝም አለች፤
አንዋር «ይሄን ሁሉ
በየትኛው ፈረቃ ነው የሞሉ?» አለ።
ይመርም ነበር፤ ጫማውን አውልቆ፣
እግሩን ውሃ ነክሮ፣ ስልኩን ደብቆ።
እኔም ከዋርካው ሥር መጽሐፌን ገለጥኩኝ፣
ገጽ አርባ ሦስትን ፊቴ ላይ ደፋሁኝ፣
ተኛሁ።
ዓሳው ተጠበሰ፤
ጀልባው ልጆቼን ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ፤
ማንም አልቀሰቀሰኝ።
ከዚያ ወዲህ ያንን እንቅልፍ ሳስበው ይቆጨኛል፤
የዓመቱ አንድ ቀን፣ እሱም በእኔ ላይ ተከድኗል።

ኪሳራ ብዬ ልጽፍ ነበር።
መጽሐፉን አነሳሁት፤ ነገ ልመልሰው፣ ይበቃል።
አቧራውን ሳራግፍ፣ ከገጾቹ መሃል
አንድ ነገር ወደቀ፤ የደረቀ የዓሳ ቅርፊት፣
እንደ ጥፍር የሳሳ፣ አሁንም ብልጭታ ያለበት።
የወደቀው ከሩቅ ነው፤ እኔ ካልደረስኩበት፣
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት።
ጠርዙ ላይ በእርሳስ የሒክመት ጽሕፈት፦
«እማየ፣ እዚህ ስትደርሺ ቀስቅሺኝ።»

ለካ ከፊቴ ላይ ቀስ አድርጋ አንስታው ነበር፤
እኔ ሳንኮራፋ እሷ ስትሻገር።
ዕልባቴን ደግሞ፣ ያችን የመብራት ደረሰኝ፣
አርባ ሦስት ላይ መልሳታል፤
እንዳላፍር ይሆን፣ ወይስ እንዳልጠፋ፣ እንጃ።
ከጥር እስከ ጳጉሜን ምንም አልነገረችኝ።

ስልሳ ዘጠኝ ገጽ ቀርቷል፣ ሁለት ቀን ጳጉሜን።
አረጋሽ ትቆየኝ።

ቧንቧው ጓሮ አጉረመረመ፤ ስምንት ሰዓት ሆኗል።
ሦስት ጀሪካን አለን።
አንዱ እስኪሞላ አንድ ገጽ ይነበባል።