ጭቃ ሹም

ዴልፊን ጭቃ ሹም ናት በአታባስካ ዳር፣
ግዛቷ አመድማ፣ ሣር የሌለው አገር።
ዘይቱ ተጠምቆ በቧንቧ ሲነጉድ፣
አተላው ቀረላት፣ ኩሬ ሙሉ ጉድ፤
እርጎ የመሰለ፣ የማይረጋ እርጎ፣
የሠላሳ ዓመት ውሃ በጉያው ሸሽጎ።

«ውሃህን ገብር!» አለችው። ዝም አለ።

ነጭ ዱቄት ላከች ሽማግሌ አርጋ፣
ደቃቁ ከደቃቅ እንዲጠጋጋ።
በተዳፋቱ ላይ አነጠፈችው ስስ፣
ውሃው በገዛ እግሩ ወርዶ እስኪፈስስ።
በጋ ፀሐይ ልሶት፣ ውርጭ እየጨመቀ፣
ስንቴ «ደረቅሁ» አለ፣ እያሳሳቀ፤
ላዩ ቅርፊት ሆኖ፣ ሆዱ እንደ ድሮው።

(በየደቂቃው መድፍ ይተኮሳል፣ ዳክዬ እንዳያርፍ።
ዛሬም ሁለት አረፉ።)

ሐሙስ ጧት ባለ ክንፍ ብረቷን ሰክታ አዞረች፤
ቁጥሩን አነበበች፤ «በቃ፣ ደርቋል» አለች፤
ፈረመች።

አጎቷ ሞይዝ፣
የወጥመድ መንገዱ ከዚህ ኩሬ ሥር የቀረበት፣
ወረቀቱን አላየም።
ጠጠር አነሳ፣ ወረወረ፣
ጆሮውን ሰጠው
እንደ ኅዳር ሐይቅ በረዶ።

ጠጠሩ «ቋ» አለ።

«አንድ» አለ ሞይዝ፣
ሌላ ጠጠር ሊፈልግ ጎንበስ ብሎ።