እጄ ያልነካው ሣጥን

ሃያ ሁለት ዓመት ከአውሮፕላን ሆድ ውስጥ
በጉልበቴ ተንበርክኬ ሻንጣ ስገለብጥ፣
«ተሰባሪ» የሚል ቀይ ወረቀት አይቼ፣
እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ለሰው ዕቃ ሳስቼ፣
ቀስ ብዬ ያኖርሁትን በጣቶቼ ብቆጥር
አንዱ እጄ ይበቃል፤ ይተርፋልም ነገር።

ሰዓት አለ፣ ዝናብ አለ፣ አለቃ አለ የሚያጣድፍ፤
ወገብ ሲቆረጥ ማን ያነባል የወረቀት ጽሑፍ?

ስለዚህ ትናንት ማታ፣ ሎድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ኖጋ ክላርኔቷን ለመንገድ ስታሰናዳ ሳይ፣
«ቁጭ በይ» አልኋት፣ «ይህን ተይው ለእኔ፤
ዕቃ በምን እንደሚሰበር የሚያውቅ የለም እንደ እኔ።»

ፈታኋት፤ አምስት ሆነች።
አፏ፣ አንገቷ፣ ሁለቱ ወገቧ፣ ደወሏ፤ በየአልጋዋ ተኛች።
ውስጧን በጨርቅ ወለወልሁ፣ የትንፋሽ ጤዛ እንዳይቀር፤
እርጥብ እንጨት ከሰማይ ብርድ ጋር ሲነጋገር
መልሱ ስንጥቅ ነው።
ቡሹን ቅባት ቀባሁ፣
ሸምበቆዎቹን አንድ በአንድ በየቤታቸው ከተትሁ።
ቅባቷ ትንሽ ናት፤ ፈታሽ አይቆጣም።
ካቻቢቴዋ ግን ሹል ናት፣ ላይኛው ቤት አትወጣም፤
ከታች ትውረድ፣ ከትልቁ ሻንጣ ጋር፣ እኔ ወዳለሁበት።
በየጎኑ ካልሲ ሞላሁ፣ እንዳይኖር ባዶ ቦታ፤
ከዱላው ይልቅ ክፍተት ነው ዕቃ የሚመታ።

አንዲት የብርቱካን ልጣጭ በጨርቅ ጠቅልዬ፣
እንጨቱ ሽቅብ ሲወጣ እንዳይደርቅ ብዬ፣
ከደወሉ ሥር አኖርሁ። ይህን ያስተማረኝ
ሴምዮን ነው፣ መነጽሩን በክር ያሰረው የራምላው ጠጋኝ፤
ከታሽከንት ሲመጣ ከመዶሻው ጋር የያዘው ዘዴ ነው።

ቀጭ። ዘጋሁት። ነቀነቅሁት። ድምፅ የለም። ኮራሁ።

ያኔ ነው ትዝ ያለችኝ ያቺ ጥያቄ፣
ወደ ሥራ ሳልፍ የምሰማት፣ ከሰልፉ ጥግ ርቄ፦
ሻንጣሽን ማን ነው ያሸገው?
የሰጠሽ ሰው አለ? እስኪ አስታውሺው።
«አባቴ» ብትል፣
ጎን ቁሚ ትባላለች፤ ሣጥኗ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል።
«ራሴ» ብትልስ? ኖጋ ስትዋሽ
አንገቷን ታካለች፤ አይጠፋውም ፈታሽ።

መልሼ ፈታሁት። ካልሲው፣ ልጣጩ፣ ሁሉም ወጣ።
«በይ አንቺው አሽጊ» አልኋት፤ ቃጣት ልትቆጣ።
እጆቼን ከወንበሩ ጀርባ አጣምሬ ተቀመጥሁ።
ቶን ሙሉ ሲያነሡ ያልዛሉ እጆች
ሥራ መፍታት ከበዳቸው፤ ሆኑ እንደ እስረኞች።
ደወሉን ገልብጣ ሸጎጠች፤ ምላሴን ነከስሁ።
በካልሲው ፈንታ ሻርፗን ጠቀጠቀች፤ ዝም አልሁ።
«ልጣጩስ?» አልኋት በመጨረሻ።
«አባዬ፣ ይሻግታል፤
አሁን እኮ እርጥበት በፖስታ ይሸጣል።»

ልጣጩን ኪሴ ከተትሁ።

ዛሬ፣ ሌሊት ዘጠኝ ላይ፣ የቡዳፔስቱን ሆድ ስሞላ
ሻንጣ ይመጣል፤ አንዱን ሳነሣ ሌላ።
ከወለሉ ማዶ፣ ከወንበር ሥር ወይ ከራስ በላይ
አንድ ጥቁር ሣጥን አለ፣ የማልነካው፣ የማላይ።
ለጥያቄዋ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤
አንገቷን ግን አላከከችም መቼም።

ካቻቢቴዋን የያዘው ሻንጣ ሲመጣ አወቅሁት፤
ወረቀት የለበትም።
ባልደረቦቼ ሳያዩ፣ ታቅፌ፣ ጥግ አስቀመጥሁት።
በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ጆሮዬን ሞላው።
ጓንቴን አውልቄ እጄን ኪሴ ሰደድሁ፤
ልጣጩ ደርቋል፣ ተሰባብሯል፣
አሁንም ይሸታል።