ባቄላ፣ ለሙሉ ኦርኬስትራ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «አሥራ አምስት ደቂቃ፣
የድል ቃና ያለው፣ ሰው ሳይሰለች የሚያበቃ።
ከተማችን አፉላ መቶ ዓመት ሊሞላት ነው፤
ካንቺ የሚቀርባት የለም፣ ልጇ አንቺ ነሽ የምናውቀው።»
ከግርጌው በእስክሪብቶ፣ ኦሽራት ከባህል ክፍል፦
«ከናንተም ከበሮ ትንሽ ጣል ብታደርጊ ደስ ይለናል።»

ጣል አላደረግሁም።
ባዶውን አምስት መስመር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ
ሦስት ሳምንት ተቀመጥሁ፣ ሰፈሩ ተኝቶ እኔ ነቅቼ።
ከየት ይጀመራል? ስሟ ራሱ ባቄላ ነው፤
ዓረቦቹ ፉላ ያሏት፣ የመስቀል ጦረኛው ፈረንጅ
የባቄላ ግንብ ብሎ ድንጋይ የካበባት።
ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ፦
«ባቄላ አለቀ ቢሉ...» ብላ ተረቱን ሳትጨርስ
አፏን በእጇ ያዘች፤
ለካ ቄስ ምህረት ከኋላችን ደረጃው ላይ ቆመዋል።

ለባቄላው ፋጎት ሰጠሁት፤ ሆዱን የነፋ፣ ገር ድምፅ።
ለባቡሩ፣ ከሐይፋ ደማስቆ ድረስ ለሚሄደው፣
ቸሎዎቹን አሰለፍሁ በአጭር ቀስት፣ ትን እያለው፣
ጣቢያው ጋ አደረስኋቸውና
እዚያው ተውኋቸው።
ሐዲዱ ተነቅሎ ለስንት ዓመት ማንም አልመጣም ነበርና።

በቤተ መዛግብቱ ጠርዙን ብል የበላው ካርታ አሳዩኝ፤
ዋርሶ ላይ ቦታ ሲሸጡ ይዘውት ይዞሩ ነበር አሉኝ።
እዚህ ባንክ፣ እዚህ ገበያ፣ እዚህ ደግሞ በቀይ ቀለም
ኦፔራ ቤት!
ረግረግ ላይ፣ ትንኝ ላይ፣ ገና ማንም ባልዘፈነበት።
ቦታውን ፈልጌ ሄድሁ። ጎማ ቤት ሆኗል ዛሬ፤
አቪኖአም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ኦፔራ?
እኔ የማውቀው ይህን ነው» ብሎ ኮምፕረሰሩን አስነሣ።
ሲ ቤሞል ነው። ጻፍሁት።

ካርታው የዘለለው ግን ነበር፤
ቀለም ያልባከነለት መንደር።
ኮረብታው ሥር፣ ሱላም፣ ሹክሪ በረንዳው ላይ ሆኖ
(ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ አንድ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ)
«አያቴ ከዚያ ነው የወጣው፤ ባለ መሬቱ ቤሩት ቁጭ ብሎ
ሸጠው፣ ከነገበሬው እግር» አለኝ።
ምን ይዘፍኑ ነበር? ብዬ ጠየቅሁት፤
ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ አፈርሁበት።
«ዘፈን አልነገረኝም። የነገረኝ ወንፊት ነው፤
በመከር ማታ ከየግቢው ባቄላ ሲነፋ
ዝናብ የመጣ ይመስል ነበር አለኝ።»
ከጓዳ አንድ ወንፊት አወጣ፣ እፍኝ ባቄላ ጨመረ፤
ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ፣
እሱ ነፋ፣ እኔ ዝም አልሁ።

ማታ ለእናቴ አሰማኋት፣ የማን እንደሆነ ሳልነግራት።
ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ይቺ ሴት እጇ ደክሟል።»
ሴት አይደለም፣ እማ። ሽማግሌ ነው።
«እንግዲያው ከሴት ተምሯል።»

የግዢ ቅጹን ኦሽራት ግራ እየገባት ሞላች፦
«ባቄላ፣ ደረቅ፣ አንድ ኪሎ። ዓይነት፦ የሙዚቃ መሣሪያ» አለች።
በልምምዱ ቀን ከበሮ መቺው ወንፊቱን ገልብጦ አየ፣
«ምን ያህል ጮክ ይበል?» አለኝ።
ሩቅ ያለ ዝናብ ያህል፤
ልብስ ለማስገባት ትነሣለህ፣ ግን ገና አልተነሣህም፤
ያን ያህል።

የድል ቃና አላገኙም። ከንቲባው ሰዓቱን አየ።
ሹክሪ በሦስተኛው ረድፍ፣ በደህና ዓይኑ በኩል ዞሮ።
ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፤ ወንፊቱ ዘነበ፣ አባራ፤
ሲ ቤሞሉ ተነሥቶ ጠፋ።
ከዚያ ላልተሠራው ኦፔራ ቤት
አራት መስመር ዝምታ አስቀምጫለሁ፤ ሰባ ሰው ቀስቱን ይዞ፣
ትንፋሹን ይዞ፣

ቀጭ።

አንድ ሰው ከኋላ ሱፍ ፈለቀቀ።
የአፉላ ሰው ነው፤ ሱፍ ሳይዝ ቀብርም አይሄድ።
መሪው ትከሻው ተሰበቀ፣
አዳራሹ ሊስቅ ፈልጎ ሳቁን ዋጠ፣

እኔ ግን ቤት እንደገባሁ እርሳስ ፈለግሁ፤
በሦስተኛው የዝምታ መስመር፣ ከታች፣ አነስ አድርጌ፦
«አንድ ፍሬ። ከሕዝቡ መካከል።
ማን እንደሆነ አይጠየቅ።»