ቤቶች የማይል እንግዳ

የኔ ራስ ምታት ጨዋ ነው፣ ከደጅ ቆሞ ይጣራል፤
«ቤቶች!» ይላል በግንባሬ፣ ከፈቀድኩለት ያድራል።
አውቀዋለሁ እንደ ዘመድ፣
የሚመጣበትን መንገድ፦
ከሽመናው አዳራሽ ጩኸት፣ ከጥጡ ብናኝ፣ ከሙቀት፣
ከኮምቦልቻ ጠራራ፣ ወይ ምሳ ከዘለልኩበት፣
ወይ ውሃ ሳልቀምስ ከዋልኩ፣ ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት፣
ወይ ካማቴ ጋር በኪራይ፣ ቃል ከተለዋወጥንበት።

መስተንግዶውንም አውቃለሁ፤
መጋረጃ አወርዳለሁ፣
ልጆቹን ደጅ እሰዳለሁ፣
ጨርቅ በቀዝቃዛ ነክሬ፣ ከግንባሬ ላይ አኖራለሁ፤
ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ቀስ እያልኩ እጨርሳለሁ።
እትዬ ፋጤ ከጓሮዋ፣ ዳማ ከሴ ይዛ ትመጣለች፤
«ምች ነው» ትላለች ሁልጊዜ፤ ለሷ ዓለም ሁሉ ምች ነች።
ቅጠሉ ያድነኝ እንደሁ እንጃ፤ እኔ አልከለክላትም፤
የሰው መዳፍ ግንባር ላይ፣ ሲያርፍ ማንንም አይከፋም።
ክኒንም ከመሳቢያ አለ፤ ፋርማሲስቱ ግን መክሮኛል፦
«እንደ ቆሎ አትቃሚው፤ ሲበዛ እሱም ራስ ያማል።»
ትንሽ አሸልቤ ስነቃ፣ እንግዳዬ የለም፣ ሄዷል፤
ስንብት አያውቅም እንጂ፣ በሌላው ይመሰገናል።

ባሌ ሙሄ በያጅ ነው፤
ከቦርከና ወዲህ ያለው፣ ግማሹ በር የእጁ ሥራ ነው።
አንድ ሐሙስ ማታ በእራት፣ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር፣
«ውይ!» ብሎ ራሱን ያዘ፤ ጉርሻው ገና አፉ ውስጥ ነበር።
«እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ፣ «መብረቅ ነው፣ መብረቅ ወረደ»፤
እኔ ሞኟ ለመስተንግዶ፣ እንደ ልማዴ እጄ ሄደ፦
መጋረጃ አወረድኩኝ፤ ጨርቁን ነከርኩ፤ ውሃ ቀዳሁ፤
ስንት ደቂቃ እንዳባከንኩ፣ እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ።
እትዬ ፋጤም ደረሰች፣ ቅጠሏን እያሻሸች፤
«ምች...» ብላ ጀመረች፤ ፊቱን አየችና ተወች።

አንገቱ እንደ ሠራው ብረት፣ አልታጠፍ አለ፣ ደረቀ፤
ብርጭቆው ከግራ እጁ ወጥቶ፣ ወለሉ ላይ ደቀቀ።
ስሜን ሊጠራ ፈለገ፤
«ጦይ...» አለ፤ «ባ» ጠፋችበት፤
ከንፈሩ፣ ማጠፊያው እንደ ላላ በር፣ ወደ አንድ ጎን ዘመመበት።
ይኼኛው «ቤቶች» አላለም።
አላንኳኳም።
ስንት በር ለሰው የሠራን ሰው፣ በሩን ገንጥሎ ገባበት።

«ይደር» ያለም ሰው ነበር፤ «ሲነጋ ይሻለው ይሆናል»፤
ፋጤ ናት ያንባረቀችው፦ «እንዲህ ያለ እንግዳ ያድራል?»

በእብሬ ባጃጅ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ አምቡላንስ ተሳፈርኩ፤
ሐረጎን ሽቅብ ወጣነው፣ መታጠፊያ እየቆጠርኩ፣
እጁን ይዤ፣ የሚሰማውን እጁን፣ ስሙን እየደጋገምኩ።
ደሴ ስንደርስ ሌሊት ነው፤ ጦሳ ራሱን እንዳመመው፣
ጉሙን እንደ ሻሽ ጠምጥሞ፣ አቀርቅሮ ነው ያገኘነው።
ሐኪሟ ሌላ ሳትጠይቅ፣ «ስንት ሰዓት ጀመረው?» አለች፤
«ዜናው ሲጀምር» አልኳት፤ ሰዓቷን አይታ ሮጠች።

ዛሬ ሙሄ አለ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግራ እጁ ገና ይለግማል፤
ስሜን ግን ቀስ ብሎ፣ ሙሉውን፣ እስከ «ባ»ዋ ድረስ ይጠራል።
የኔም ዘመድ ይመጣል፣ «ቤቶች» እያለ እንደ ድሮው፤
ጨርቁም አለ፣ ውሃውም አለ፤ አልሰስትበትም፣ እንግዳ ነው።

ትናንት ግን በሥራ መሐል፣ ከማሽኑ ማዶ ሰዓዳ፣
የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ተደግፋ ከግድግዳ፣
«ራሴን» አለችኝ፤ «ዓይኔም ብዥ፣ ብዥ ይልብኛል» አለች፤
አንዷ «ትረፍ፣ ትተኛ» ስትል፣ አንዷ ሻሽ ፈታ አቀበለች።
እኔ ጨርቅ አልነከርኩም።
ሰዓት አየሁ፤
እጇን ያዝኩ፤
በሩን እኔው ከፈትኩ።