የእሳቱ ድርሻ

ሊጡ መቶ ግራም ነው ሚዛን ላይ ሲወጣ፣
ሰማንያ አምስት ነው ከምድጃው ሲመጣ።
ይህን ዋቅቶላ ያውቃል፤ አሥራ አንድ ዓመት ጋግሯል፤
የጎደለው የት ገባ ብሎ መቼ ጠይቋል?

ያለፈው ወር መጨረሻ ግን
ፖስታውን ስሰጠው እዚያው ፊቴ ከፈተው፤
አንዴ ቆጠረና መልሶ ቆጠረው።
ስድስት ሺህ ነበር የተነጋገርነው፣
አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ነው ያገኘው።
ዱቄቱን ከቅንድቡ በክንዱ እየጠረገ
«እትዬ» አለኝ፣ «የቀረውን ማን ፈለገ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁለት፤
ወይንሐረግ፣ ሂሳብ የምትሠራልኝ፣ በቀይ ያሰመረችበት።
«ሰባት መቶው ግብር ነው፤ የመንግሥት ድርሻ፤
አራት መቶ ሃያው ጡረታህ፣ የኋላህ መሸሻ፤
እኔም ከኪሴ ስድስት መቶ ስልሳ አክልበታለሁ።»
«ጡረታ?» ብሎ ሳቀ፣ «እኔም እንደ ሰው አርፋለሁ?»

ሸምሱ ከማቡኪያው አጠገብ ጮኸ፦
«ከፍራንኮ ወዲህ ያለውን መንገድ አይተሻል?
ያዳማ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ዳቦው ላይ ይዘራል፤
ታዲያ የኛ ብር የት ያድራል?»
መልስ አልነበረኝም። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት።
አያንቱ ምንም አላለች፤
ስሟ በዓይኑ «ዓ» ተጽፎ ነበር፣
እሱን ብቻ አሳረመችኝ።

ያለ ወረቀት የኖርንበት ዘመን ትዝ አለኝ።
ዋቅቶላ እጁን ትሪ ያቃጠለው ጊዜ
ብድር ቢጠይቅ «የደሞዝ ማስረጃ አምጣ» ብለውት፣
እኔ በእርሳስ የጻፍኩለትን ቁራጭ
ገልብጠው አይተው፣ ስቀው መለሱለት።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ለምድጃዬ እንጂ ለማንም አልነበረም።

ሰኞ ገቢዎች ሄድኩ። «ሲስተም የለም፤ ሐሙስ ነይ።»
ብሩ መሳቢያዬ ውስጥ አደረ።
ማክሰኞ ማታ ዱቄት ነጋዴው ኩምሳ ደወለ፦
«የቀረብሽን ነገ ካልከፈልሽ ጭነቱን አዞራለሁ።»

መሳቢያውን ከፈትኩ።
ማንም አያይም፤ ሐሙስ ሩቅ ነው፤
እስከዚያ ዳቦው ራሱ ይተካዋል አልኩ።
ፖስታው ላይ በገዛ ጽሕፈቴ ሦስት ስም አለ።
እናቴ «አደራ ከበላ ረመጥ የዋጠ ይሻላል» ትል ነበር፤
እኔ ደግሞ ረመጥን በቅርብ አውቀዋለሁ።
ዘጋሁት።
ኩምሳን ለመንኩት፤ ሰደበኝ፤ ግማሹን አወረደ።
ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዳቦዬ አለቀ፣
ደንበኛዬ እየተራገመ ወደ ማዶ ሄደ።

ሐሙስ ሲስተሙ መጣ። ከፈልኩ።
ማኅተም ያረፈበትን የስም ዝርዝር
ከዳቦው ዋጋ ጎን በሚስማር መታሁት።
ሸምሱ ቀና ብሎም አላየው።
ዋቅቶላ ተጠግቶ፣ ፊደል በፊደል፣
ስሙን በጣቱ ተከተለ፤
«ዋ» ላይ ነጭ አሻራ ቀረ።

ከዚያ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ፤
አንድ ድቡልቡል ሊጥ አስቀመጠ፤
መርፌው መቶ ላይ ቆመ።
«እትዬ፣ እሳቱ ድርሻውን እንደማይተው ካወቅን፣
ከመነሻው መቶ ሃያ ብናደርገውስ?»
«ዱቄት ተወዷል» አልኩት።
«ስለ ዱቄት ማን አወራ?»