ትርፍ

ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤት ጓሮ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፤
ግድግዳዋ ጭቃ፣ በኖራ የነጣ።
ሐምሌ ሲጠባ ግን እርጥበቱ መጣ፤
አንዴ ካርታ መስሎ፣ አንዴ የተኛ በግ፣
ኖራ ባስቀባውም የማይተው የሱን ወግ።
አከራዬ አስካለ፣ ብነግራት ሣቀች፤
«አልጋሽን አስጠጊው፣ ይደበቃል» አለች።

መርካቶ ወርጄ፣ ዋጋ ጠያይቄ፣
በአቡነ ጴጥሮስ ወጣሁ ተሳቅቄ፤
ለአንድ ክንድ መጋረጃ የወር አስቤዛ!
ግድግዳ ይልበስ ብሎ ማን ረሃብ ይገዛ?

ማታ ካልጋዬ ሥር
የአባቴን ጆንያ ጎተትኩ፤ ከሞተ ያልተፈታ፣
ቋጠሮው የእጁ ነው፣ በጥርስ እንጂ በጣት የማይረታ።

ልብስ ሰፊ ነበር፤
ሲኒማው በረንዳ ላይ፣ እግሯ በሚያነክስ ሲንጀር
የሰው ሱሪ ሲያሳጥር
የተቆረጠውን ጫፍ ለባለቤቱ ይዘረጋል፣
«ይኸው ትርፍህ» ይላል።
ሰውየው ይሥቃል፣ ይሄዳል።
ትርፉ ከአባቴ ጋር ይቀራል።

ካኪ፣ ቴትሮን፣ ገበርዲን፣
የሙሽራ ከረባት ጫፍ (አጭር ሰው ነበር መሰለኝ)፣
የአንድ ዳኛ ሱሪ፣ የአንድ ወያላ ኪስ።
ዳኛውን ከወያላው ጎን ለጎን ሰፋኋቸው፤
እስካሁን አልተካሰሱም።
ስድስት ሌሊት ሰፋሁ፤ ጣቴ ወንፊት ሆነ።
በሰባተኛው ሰቀልኩት፣
በጉም ከነካርታው ከጨርቁ ሥር ታፈነ።

ከጆንያው ግርጌ ግን አንድ ቡናማ ፖስታ፣
የጥቁር አንበሳ ማኅተም ያለበት፤
የሳንባው ራጅ።
አይሰፋ፣ አይጣል፣ እንደ ፎቶ አይሰቀል።
መልሼ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት፦ «ቆራሌው! ጠርሙስ ያለሽ፣ ብረት ያለሽ!»
ሸምሱ ነው፣ ጆንያው ከቁመቱ የሚበልጥ።
«ዛሬ ሻጭ አይደለሁም» አልኩት፤ «ገዢ ነኝ።»
ሸክሙን አውርዶ ደጃፌ ላይ እንደ ሱቅ ዘረገፈው።
አንድ የወተት ቆርቆሮ፣
አንድ የሕፃን ብስክሌት ቸርኬ፣ ሽቦው ግማሹ የወለቀ፤
ሁለቱን መረጥኩ።
ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ፖስታውን አመጣሁ።
«ይኼስ ስንት ያወጣል?»
ወደ ፀሐይ አነሣው።
ጎድን፣ ጎድን፣ ጎድን፤ በግራ በኩል ያ ነጭ ደመና።
«ማነው?»
«አባቴ።»
በሁለት እጁ መለሰልኝ።
«ይኼ ሚዛን አይወጣም።»
የቆርቆሮውን ብር ቆጥሮ ተቀበለኝ፤
የቸርኬውን ተወው።

መቀስ አላነሣሁም።
እንዳለ ጠቀለልኩት፣ በቸርኬው ዙሪያ፣
በአባቴ ክር፣ በአባቴ መርፌ፤
ቆርቆሮውን በሚስማር ወጋግቼ
ለቆጣቢው አምፖል ጎጆ አደረግሁለት።
ማብሪያውን ስጫን
መብራት ሄደ።

ሦስት ሰዓት ያህል በጨለማ ቁጭ አልኩ።
የጣራ ጠብታ፣ የድመት እግር፣
ከሥጋ ቤቱ በኩል ባትሪው ያለቀ ራዲዮ ሲያዛጋ።
ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ፣ በልጅ አፍ፦ «መጣ!»

መጣ።
ጎድኖቹ በጨርቁ ላይ ተዘረጉ፣
በዳኛው፣ በወያላው፣ በአጭሩ ሙሽራ ላይ፤
አምፖሉ ሲንቀጠቀጥ የሚተነፍሱ መሰሉ።

አስካለ ሳታንኳኳ ገባች።
ቆመች። ዞረች። ጨርቁን ዳሰሰች።
ቀና ብላ አየች፤ ምንድነው ብላ አልጠየቀች።
«ቤቷ ለካ እንዲህ ታምራለች!» አለች፤
«ከመስከረም ጀምሮ አምስት መቶ ትጨምሪያለሽ።»

በሩ ሲዘጋ ቀና አልኩ።
አባቴ በርቷል።
«ይኸው ትርፍሽ» አልኩ፣ በሱ ድምፅ፣
ሣቅሁም፣ እንደ ደንበኞቹ።
ከዚያ ግን አልሄድኩም።